እንዝርጢትና እህቷ

[የቤት ጓሮ። በግድግዳው ሥር ቆርቆሮዎች፣ የተሰነጠቁ ባልዲዎችና እጀታ የሌለው አሮጌ ድስት ተደርድረዋል፤ በሁሉም ውስጥ የመድኃኒት ቅጠል በቅሏል። ወደ ጓሮው የሚከፈተው የመኝታ ቤት መስኮት መጋረጃው ወርዷል፤ ከውስጥ የእናት ማቃሰት ይሰማል። ታላቅየው መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ይሠራል፤ ሰፈሩ "ፕሮፌሰር" ይለዋል፤ ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ነው የመጣው። ታናሽየው ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ቅዳሜ ያገባል፤ እናቱ ግን ዛሬም "ማሙሽ" ነው የምትለው። ሁለቱ ወንድማማቾች ከተኳረፉ ሰንብተዋል።]

ፕሮፌሰር፦ ያንን ቆርቆሮ አትንካው አልኩ!

ማሙሽ፦ አልነካሁትም። ተደገፍኩት እንጂ።

ፕሮፌሰር፦ መደገፍ መንካት ነው።

ማሙሽ፦ እንዲያ ከሆነ ግድግዳውም ቆርቆሮውን እየነካው ነው። ለምን እሱን አትቆጣውም?

ፕሮፌሰር፦ [ወደ ቅጠሉ ዞሮ] አንዳንድ ሰው ዝም ቢል ምን ነበረበት።

ማሙሽ፦ [ወደ ባልዲው ዞሮ] አንዳንድ ሰው እኔን ላያናግር ምሎ አልነበር?

ፕሮፌሰር፦ አላናገርኩህም። ለቆርቆሮው ነው የተናገርኩት።

ማሙሽ፦ ቆርቆሮውን ነው "ቆርቆሮውን አትንካው" ያልከው?

እናት፦ [ከውስጥ] ወይኔ ሆዴን! ኧረ ልጆቼ፣ የእንዝርጢት ቅጠል አምጡልኝ ብዬ ብለምናችሁ ትጨቃጨቃላችሁ?

ፕሮፌሰር፦ መጣሁ እማዬ!

ማሙሽ፦ መጣን እማዬ!

ፕሮፌሰር፦ "መጣን" አትበል። እኔና አንተን አንድ ላይ የሚያስጠራ ነገር የለም።

ማሙሽ፦ እናታችንስ?

ፕሮፌሰር፦ ከእሷ በቀር።

ማሙሽ፦ እስከ ቅዳሜ ካልተነሳች እኔ ምን ይውጠኛል? አባት የለኝ። እናቴ አልጋ ላይ። ወንድም ደግሞ...

ፕሮፌሰር፦ ወንድም ደግሞ ምን?

ማሙሽ፦ ወንድምማ አልመጣም ብሏል አሉ።

ፕሮፌሰር፦ ወንድም እንደዚያ አላለም። "አልተጠራሁም" ነው ያለው። ሰው ሲያወራ አጣርቶ ቢያወራ ጥሩ ነው።

ማሙሽ፦ [ቆርቆሮዎቹን እያየ] ይልቅ እንዝርጢት ምን ትመስላለች? እኔ አይቻት አላውቅም።

ፕሮፌሰር፦ እንዝርጢት?

ማሙሽ፦ አዎ።

ፕሮፌሰር፦ እንዝርጢትን አላውቃትም ነው የምትለኝ?

ማሙሽ፦ አዎ። አንተስ?

ፕሮፌሰር፦ [መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ] እኔ መድኃኒት ቤት ውስጥ ጠጉሬን አሽብቻለሁ። እንዝርጢትን አላውቅም ብል ማን ያምነኛል?

ማሙሽ፦ እኔ አምንሃለሁ።

ፕሮፌሰር፦ አውቃታለሁ! አብጠርጥሬ ነው የማውቃት! ችግሩ እሷ አይደለችም። ችግሩ እህቷ ናት።

ማሙሽ፦ እህት አላት?

ፕሮፌሰር፦ እንዝርጦ። በመልክ ቁርጥ እሷን ናት። አንድ ቦታ ይበቅላሉ፣ አንድ ወቅት ያብባሉ፣ የወለደቻቸው እናት አትለያቸውም። ግን እንዝርጢት ሆድ ትፈታለች፤ እንዝርጦ ትቆልፋለች።

ማሙሽ፦ ትቆልፋለች ስትል... እንደ ቫልቭ?

ፕሮፌሰር፦ እንደ ቫልቭ።

ማሙሽ፦ ከዚያስ ማን ይከፍተዋል?

ፕሮፌሰር፦ ማንም።

ማሙሽ፦ [ከቆርቆሮዎቹ ራቅ ይላል] ይሄንንማ እማዬ አልነገረችኝም።

ፕሮፌሰር፦ እማዬ የምታውቀው የሚያድነውን ነው። የሚገድለውን ማወቅ ትምህርት ይጠይቃል። በል ና፣ ጊዜ የለንም። ግንዱን በሁለት ጣትህ ይዘህ አሽከርክረው።

ማሙሽ፦ [አንዱን ይዞ] አይሽከረከርም። ማዕዘን አለው።

ፕሮፌሰር፦ ስንት ማዕዘን?

ማሙሽ፦ [በጣቱ እየዳሰሰ] አራት። ኧረ አራት ማዕዘን ቱቦ ነው! ማን ነው የገጠመው? መጋጠሚያው ላይ አያፈስም?

ፕሮፌሰር፦ ቱቦ አይደለም። ግንድ ነው።

ማሙሽ፦ ውኃ አይሄድበትም?

ፕሮፌሰር፦ ይሄድበታል።

ማሙሽ፦ ከታች ወደ ላይ?

ፕሮፌሰር፦ ከታች ወደ ላይ።

ማሙሽ፦ ያለ ፓምፕ?

ፕሮፌሰር፦ ያለ ፓምፕ!

ማሙሽ፦ እንዲህ የሚሠራ እያለ እኔን ነው ባለሙያ የሚሉኝ። እሺ፣ ይቺ እንዝርጢት ናት ማለት ነው?

ፕሮፌሰር፦ ናና ናት።

ማሙሽ፦ [ቀጣዩን ይዞ] ይሄም አራት ማዕዘን ነው።

ፕሮፌሰር፦ እሱ በሶብላ ነው።

ማሙሽ፦ ይሄ ቀጭኑም።

ፕሮፌሰር፦ ጦስኝ።

ማሙሽ፦ ታዲያ ማዕዘኑ ምን ጠቀመን?

ፕሮፌሰር፦ ማዕዘን የዘር ነው! እንደኛ ቤት አፍንጫ። አባታችን ይሄ አፍንጫ ነበረው። እኔም አለኝ፣ አንተም አለህ። ስለዚህ አንተ እኔ ነህ ማለት ነው?

ማሙሽ፦ እግዜር ያውጣኝ።

ፕሮፌሰር፦ ምን አልክ?

ማሙሽ፦ አይደለሁም አልኩ።

ፕሮፌሰር፦ ከዘር ቀጥሎ ቅጠሉ ነው የሚታየው። ቅጠሉ እግር አለው ወይስ የለውም?

ማሙሽ፦ እግር ያለው ቅጠል የት ሊሄድ ነው?

ፕሮፌሰር፦ ቅጠሉን ከግንዱ የምታገናኘው ቀጭን ዘንግ! እሷ ናት እግር የምትባለው።

ማሙሽ፦ ማገናኛ በለኛ። ሰው በሚገባው ቋንቋ ብትነግረው ምን አለ?

ፕሮፌሰር፦ እንዝርጢት ማገናኛ የላትም። ግንዱ ላይ ዘፍ ብላ ነው የምትቀመጠው። እንዝርጦ ግን በእግሯ ቆማ ታይሃለች።

ማሙሽ፦ [በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ] ታየኛለች?

ፕሮፌሰር፦ አባባል ነው። ፈልግ!

ማሙሽ፦ [ወደ መጀመሪያው ቆርቆሮ ተመልሶ] ይቺ ማገናኛ የላትም። ዘፍ ብላለች።

ፕሮፌሰር፦ ናና ናት አልኩህ። አሽታት።

ማሙሽ፦ [ያሸታል] ምንም አትሸትም።

ፕሮፌሰር፦ ሳታሻሽ ታሸታለህ እንዴ? ቅጠል ዝም ብሎ አይናገርም፣ ሲጨቁኑት ነው።

ማሙሽ፦ [እያሻሸ] እንደኔ ናታ። [ያሸታል] ናና ናት።

ፕሮፌሰር፦ ምን ስልህ ቆየሁ!

ማሙሽ፦ እማዬን እንጠይቃት። [ወደ መስኮቱ] እማዬ! የእንዝርጢት ምልክቷ ምንድነው?

እናት፦ [አፏ ውስጥ የሆነ ነገር እንደያዘ ሰው] ቅጠሏ... ከሥሩ... ፀጉር አላት!

ፕሮፌሰር፦ እማዬ፣ አፍሽን ምን ሆነሽ ነው?

እናት፦ ሕመሙ ነው ልጄ! ወደ ላይ ወጣ!

ፕሮፌሰር፦ [ክው ብሎ] ከሆዷ አፏ ደረሰ። ፍጠን! ፀጉር ያላትን ፈልግ! እኔም ፀጉር ልልህ ስል ነው የቀደመችኝ።

ማሙሽ፦ [ቅጠል እየገለበጠ] ይሄ ለጭ ያለ ነው። ይሄም። ይሄ ትንሽ ሻከር ይላል፣ ግን አቧራ ነው። ከቆርቆሮዎቹ ውስጥ የለም። [ተንበርክኮ] ቆይ... እዚህ ፍሳሹ አጠገብ ሁለት አረሞች አሉ። ሁለቱም ከሥራቸው ፀጉር አላቸው።

ፕሮፌሰር፦ [ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ድምፁን ይቀንሳል] አገኘናቸው።

ማሙሽ፦ እነማንን?

ፕሮፌሰር፦ ሁለቱንም። እንዝርጢትና እንዝርጦ። ጎን ለጎን።

ማሙሽ፦ የምር? የምር አሉ እንዴ?

ፕሮፌሰር፦ ምን ማለትህ ነው? ታዲያ ምን ልንፈልግ ነው የመጣነው?

ማሙሽ፦ እሱስ... ልክ ነህ። የቷ ናት የምትቆልፈው?

ፕሮፌሰር፦ [ሁለቱንም ነቅሎ ወደ ብርሃን እያነሳ] እይ። የሁለቱም ጠርዝ እንደ መጋዝ ነው። የሁለቱም ሥር ቀላ ይላል። ልዩነቱ እግሩ ላይ ነው። ይቺ እግር አላት፣ እንዝርጢት ናት።

ማሙሽ፦ ቅድም እንዝርጢት እግር የላትም አላልክም?

ፕሮፌሰር፦ ልጅ እያለች የላትም። ስታድግ ታወጣለች።

ማሙሽ፦ እንዝርጦስ?

ፕሮፌሰር፦ ልጅ እያለች አላት። ስታድግ ይረግፋል።

ማሙሽ፦ እድገት ላይ እያሉ መሀል ሲገናኙስ?

ፕሮፌሰር፦ [አሰብ አድርጎ] ያኔ ማንም አይነካቸውም።

[ማሙሽ ሁለቱን ይቀበላል። የአንዷን ጫፍ በጥፍሩ ይቆነጥራል፣ ከጀርባው አድርጎ ይቀያይራቸዋል፣ መልሶ ያወጣቸዋል።]

ማሙሽ፦ እስቲ አሁን እንዝርጢት የቷ ናት?

ፕሮፌሰር፦ [ሳያመነታ] ይቺ።

ማሙሽ፦ ይቺ ቅድም እንዝርጦ ነበረች። ጫፏን ቆንጥሬ ምልክት አድርጌባታለሁ።

ፕሮፌሰር፦ ምልክት ስላደረግክባት ነው። እንዝርጦ ጫፏ ሲቆነጠር እንዝርጢትን ትመስላለች። እንዲህ ያለች ተንኮለኛ ናት።

ማሙሽ፦ ስለዚህ እንዝርጦ ናት?

ፕሮፌሰር፦ አይደለችም። እኔ በተቆነጠረ ጫፍ የምሸወድ ሰው ነኝ? እንዝርጢት ናት።

ማሙሽ፦ [ግንባሩን እየጠረገ] እኔ ቧንቧ ፈንድቶ ጣሪያ ሲወርድብኝ እንዲህ አልፈራሁም።

እናት፦ [ከውስጥ] አገኛችኋት? ብቻችሁን እንዳትሸመጥጧት! አንዳችሁ ግንዱን ያዙ፣ አንዳችሁ ሸምጥጡ! አንድ ሰው ከሸመጠጣት አትሠራም!

ማሙሽ፦ ለምን እማዬ?

ፕሮፌሰር፦ ይሄ ይጠየቃል? የአንድ ሰው እጅ ሙቀቱ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ሁለት ሲሆን ይመጣጠናል።

እናት፦ እሱ እንዳለው ነው!

ፕሮፌሰር፦ አየህ?

[ፕሮፌሰር ግንዱን ይይዛል፣ ማሙሽ ቅጠሉን ይሸመጥጣል። አይተያዩም።]

ማሙሽ፦ ያን ማክሰኞ...

ፕሮፌሰር፦ ረቡዕ ነው።

ማሙሽ፦ ረቡዕ። እዚያ እጮኛዬ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ...

ፕሮፌሰር፦ በረንዳ ላይ ነበርን።

ማሙሽ፦ በረንዳ ላይ። አባቷ ፊት እኔ ያልኩህ...

ፕሮፌሰር፦ አባቷ ስልክ ሊያነሳ ወጥቶ ነበር። የነበረው አጎቷ ነው።

ማሙሽ፦ አጎቷ ፊት።

ፕሮፌሰር፦ እሺ፣ ቀጥል።

ማሙሽ፦ ምን ልል እንደነበር ጠፋብኝ።

ፕሮፌሰር፦ ሳታስታውስ ለምን ትጀምራለህ?

ማሙሽ፦ አስታውሼ ነበር! ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር! [የቀረውን ቅጠል ባንዴ ይሸመጥጠዋል] በል ና እንቀቅለው።

[ወደ ጓሮው በተከፈተው ማድ ቤት ድስት ተጥዶ ይፈላል። ሁለቱ ከድስቱ ላይ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።]

ማሙሽ፦ አረንጓዴ ሆነ።

ፕሮፌሰር፦ እንዝርጢት አረንጓዴ ትሆናለች።

ማሙሽ፦ እንዝርጦ ብትሆን ኖሮስ ምን ትሆን ነበር?

ፕሮፌሰር፦ አረንጓዴ። ግን ሌላ አረንጓዴ።

ማሙሽ፦ እስቲ አንተ ቅመሰው።

ፕሮፌሰር፦ እኔ መች ታመምኩ? መድኃኒት ጤነኛ ሰው ውስጥ ከገባ የሚያድነው ሲያጣ ይናደዳል።

[ፕሮፌሰር ኩባያውን ሞልቶ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ከመጋረጃው ሥር የእናት እጅ ወጥቶ ይቀበለዋል።]

ማሙሽ፦ እማዬ አትጠጪው! ተይው!

ፕሮፌሰር፦ ለምን ትተወዋለች?

ማሙሽ፦ አልለየሃትማ! የቷ የቷ እንደሆነች ራስህ አታውቅም!

ፕሮፌሰር፦ እኔ? እኔ አላውቅም? ሰው ፊት "ክኒን ቆጣሪ" ብለህ ያዋረድከኝ አልበቃ ብሎህ ደግሞ ዛሬ እናቴ ፊት?

ማሙሽ፦ አንተስ? "እሱ መናገር አይችልም፣ እኔ ልናገርለት" ብለህ የእጮኛዬ ዘመዶች ፊት አፌን የዘጋኸኝስ? ሚስት ልጠይቅ ሄጄ ዲዳ አድርገኸኝ ተመለስኩ!

ፕሮፌሰር፦ ላግዝህ ብዬ ነው!

ማሙሽ፦ ማን አግዘኝ አለህ?

እናት፦ በቃ! በቃችሁ! ይኸው! [ስትጎነጭ ይሰማል] ጠጣሁት! ለእናንተ ሰላም ስል ይሄንንም ጠጣሁላችሁ! አሁን ዝም ትላላችሁ?

[ሁለቱም ወደ መስኮቱ ይጠጋሉ።]

ማሙሽ፦ [ቀስ ብሎ] እማዬ... ምን ምን ይልሻል?

እናት፦ መረረኝ።

ፕሮፌሰር፦ [እፎይ ብሎ] እንዝርጢት መራራ ናት።

እናት፦ እንዝርጢት የለችም።

ፕሮፌሰር፦ አለቀች?

እናት፦ ኖራ አታውቅም አንተ ልጅ!

[መጋረጃውን ትገልጠዋለች። ለሠርጉ ያሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ ቆማለች፤ ጠርዙ ገና በስፒል የተያያዘ ነው።]

እናት፦ ሆዴንም አላመመኝ። ቀሚሴን እያሳጠርኩ ነበር። ቅድም በአፌ የያዝኩት ስፒል ነው።

ፕሮፌሰር፦ [መነጽሩን እያስተካከለ] ጠርጥሬ ነበር።

እናት፦ ምኑን?

ፕሮፌሰር፦ [የጋውኑን ቁልፍ እየነካካ] ማን ነው ይሄን ያሰበው?

[እናት ወደ ማሙሽ ታያለች።]

ማሙሽ፦ እኔ ነኝ ጋሼ።

ፕሮፌሰር፦ አንተ? አንተ አሰብክ?

ማሙሽ፦ ና ብልህ አትመጣም። እማዬ ታማለች ብልህ በሰው ክኒን ልከህ ትቀራለህ። እሱ የማያውቀው ቅጠል አለ ከተባለ ግን ያለውን ጥሎ ይመጣል አልኩ።

እናት፦ መጣም። ጋውኑን እንኳ ሳያወልቅ።

ማሙሽ፦ ይቅርታ ልልህ ነበር የፈለግኩት። ስጀምረው ደግሞ ማክሰኞ ስልህ ረቡዕ፣ ሳሎን ስልህ በረንዳ፣ አባቷ ስልህ አጎቷ። ይቅርታዬን ደጅ አስቀረኸው። ክኒን ቆጣሪ ማለት አልነበረብኝም። አባታችን ከሞተ ጀምሮ የበላሁት አንተ ያንን ክኒን ቆጥረህ ባመጣኸው ነው። ቅዳሜ አጠገቤ ካልቆምክ ሠርግ አይመስለኝም፣ የሰው ሠርግ የሄድኩ ነው የሚመስለኝ። ጨረስኩ። በል አሁን አርመኝ።

ፕሮፌሰር፦ የሚታረም የለውም። እኔም አፍህን መዝጋት አልነበረብኝም። ሱፌን ካስተኮስኩት ቆየሁ። በሩ ጀርባ ሰቅዬ ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ። የሚጠራኝ አጣሁ እንጂ።

ማሙሽ፦ ወንድም ይጠራል እንዴ ጋሼ?

ፕሮፌሰር፦ አይጠራም። ቢጠሩት ግን ደስ ይለዋል።

ማሙሽ፦ ና በቃ። ጠርቼሃለሁ።

[ይተቃቀፋሉ። እናት በቀሚሷ እጅጌ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ ስፒል ይወጋታል። ማሙሽ ከወንድሙ ትከሻ ላይ ቀና ይላል።]

ማሙሽ፦ ጋሼ።

ፕሮፌሰር፦ ወይ።

ማሙሽ፦ እንዝርጢትን እኔ ነኝ የፈጠርኳት። እንዝርጦን ግን እኔ አልፈጠርኳትም።

እናት፦ እኔም አይደለሁም። ዛሬ ገና ነው ስሟን የሰማሁት።

ማሙሽ፦ ስለዚህ እሷ የእውነት አለች? ይሄን ሁሉ ሰዓት የተንቀጠቀጥኩት እሷን ፈርቼ ነው። ያቺ የምትቆልፈዋ?

ፕሮፌሰር፦ [መነጽሩን ያወልቃል። አይጠርገውም።] እሷን... እኔ ነኝ።

ማሙሽ፦ አንተ ነህ ምን?

ፕሮፌሰር፦ የፈጠርኳት። እንዝርጢትን አላውቃትም ከምል እህት ብሰጣት ቀለለኝ።

ማሙሽ፦ [ባልዲው ላይ ቁጭ ይላል] እኔው በቆፈርኩት ጉድጓድ እኔው ገባሁ! የሌለችውን ከሌለችው ስለይ ነው ላብ ሲያጠምቀኝ የዋለው?

ፕሮፌሰር፦ ብርቱ ተማሪ ነበርክ፣ አልዋሽህም።

እናት፦ ቆይ፣ ቆይ። እንዝርጢትም የለችም፣ እንዝርጦም የለችም?

ማሙሽ፦ የሉም።

እናት፦ [ኩባያውን እያየች] ታዲያ እኔ የጠጣሁት ምንድነው?

[ሁለቱም ወደ ፍሳሹ ያያሉ። ከዚያ ማሙሽ ወደ ፕሮፌሰር ያያል። ፕሮፌሰር አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ እንደገና ይከፍታል።]

ፕሮፌሰር፦ አላውቅም።

ማሙሽ፦ [ከባልዲው ላይ ዘሎ ተነስቶ] እማዬ! ሰማሽው? አላውቅም አለ! ጋሼ አላውቅም አለ!

እናት፦ [እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ቀስ ብላ አልጋው ጠርዝ ላይ እየተቀመጠች] ሰማሁ ልጄ፣ ደስ ይበልህ። ደስ ብሎህ ስትጨርስ ሐኪም ጥራልኝ።